ስድስት መንደር በአንድ ከሰዓት

ላኢዬ በሃዋይ የኦዋሁ ደሴት ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በተራራና በባሕር መካከል የተዘረጋች ትንሽ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1940 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰና መልሶ የመሥራቱ ነገር ዘገየ። ነዋሪዎቹ ገንዘብ የሚያሰባስቡበትን ዘዴ ያገኙት በ1948 ነው። ሁኪላው የሚባል የቆየ ልማድ አላቸው፦ ረጅም መረብ ባሕር ውስጥ ይጥሉና የመንደሩ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ገመዱን አብሮ እየሳበ ዓሣውን ያወጣል። ይህን ልማድ ለእንግዳ ከፈቱት። እንግዳው ከፍሎ ይገባል፣ ገመድ ይስባል፣ ከተያዘው ይበላል፣ ጭፈራ አይቶ ይመለሳል። ከሆኖሉሉ በኩል የሚመጣው ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄደ።

በ1955 እዚያው ላኢዬ አንድ ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሃዋይ የሚባለው ነው። ከሳሞአ፣ ከቶንጋ፣ ከኒው ዚላንድና ከሌሎች ደሴቶች ወጣቶች ሊማሩ መጡ፤ ግን መንደሯ ውስጥ ሠርተው የትምህርት ክፍያቸውን የሚሸፍኑበት ሥራ አልነበረም። የሚያውቁት ነገር ግን ነበራቸው፤ የአያቶቻቸውን ዘፈን፣ የቤት አሠራር፣ የምግብ አበሳሰል ያውቃሉ። የኮሌጁ ባለቤት የሆነችው የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ኦክቶበር 12 ቀን 1963 የፖሊኔዥያ የባህል ማዕከልን ከፈተች። ዛሬ 17 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ፣ በሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ ስድስት መንደሮች ቆመዋል። ኮኮናት የሚፈለፍለው፣ ከበሮ የሚመታው፣ እንግዳ የሚያስተናግደው በአብዛኛው ተማሪ ነው።

ይህን ለልጆቻችን አስቀድመን፣ መኪና ውስጥ እያለን ነገርናቸው። ከዋይኪኪ ላኢዬ አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ስለሚያስኬድ ለወሬ ጊዜ አለ። ልጅ ፊቱ የሚጨፍረው ሰው የሂሳብ አያያዝ ወይም የባዮሎጂ ተማሪ መሆኑን ካወቀ፣ ሰውየውን እንደ ሰው ያየዋል፣ ይጠይቀዋል። የእኔዎቹ ከመጀመሪያው መንደር ጀምሮ «ምንድነው የምትማረው?» እያሉ አስቸገሩ፤ መልሱን ሁሉም በደስታ ይነግራቸው ነበር።

ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳሞአን፣ ቶንጋን፣ ፊጂን፣ ታሂቲን፣ ሃዋይንና የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች ሀገራቸውን የሚጠሩባትን አኦቴያሮአን ስድስት ለየብቻ የቆሙ ትርኢቶች አድርጎ ያያቸዋል። አንዱን ሳይጨርስ የሚቀጥለው እንዳያመልጠው ይሮጣል። እኔ የምመክረው ሌላ አካሄድ ነው። የእነዚህ መንደሮች ባለቤቶች ተለያይተው የኖሩ ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ በየመንደሩ አንድ ዓይነት ነገር እየፈለጉ መሄድ ይሻላል፦ ምድጃው፣ ልብሱ፣ ሥራ ሥሩ፣ ጭፈራው። ምኑ ሳይለወጥ እንደቀረ፣ ምኑ እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠ መጠየቅ። ቀኑ የሚጣፍጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ዘመድነቱ ግን ካርታ ሳያዩ አይገባም። ሃዋይን፣ ኒው ዚላንድንና ከቺሊ በስተ ምዕራብ ርቃ ብቻዋን የቆመችውን ራፓ ኑይን በመስመር ብናገናኝ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። አንዱ ጎኑ 7 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ኬፕ ታውን ካለው ርቀት ይበልጣል። በዚህ ስፋት ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ውኃ ነው። በውኃው ውስጥ የተበተኑት ደሴቶች ግን የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች የሚናገሩ፣ ተመሳሳይ ሰብል የሚተክሉ፣ በስም የሚቀራረቡ አማልክት የነበሯቸው ሕዝቦች መኖሪያ ናቸው። የዚህ ሕዝብ የሩቅ አባቶች መነሻ ታይዋን አካባቢ ነው። ከዚያ በፊሊፒንስ አድርገው ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየገፉ ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት ቶንጋ ደረሱ፤ ላፒታ የሚባለው ነጠብጣብ ጌጥ ያለው ሸክላቸው በየደረሱበት ከመሬት ይወጣል። የዚሁ የቋንቋ ቤተሰብ ሌላ ቅርንጫፍ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ማዳጋስካር ላይ ሰፈረ። የእኛዋ አህጉር ደጃፍ ላይ ያለችው የማላጋሲ ቋንቋ የሃዋይ ቋንቋ የሩቅ የሥጋ ዘመድ ናት ማለት ነው።

ቶንጋና ሳሞአ ከደረሱ በኋላ ጉዞው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆመ። የምዕራብ ደሴቶቹ ባህል ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በዚህ ረጅም ዕረፍት ነው። ከዚያ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ1000 ዓመት ወዲህ፣ ሰዎቹ እንደገና ሸራቸውን ዘረጉና በጥቂት ምዕተ ዓመታት ውስጥ ታሂቲን፣ ሃዋይን፣ ራፓ ኑይን፣ በመጨረሻም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ኒው ዚላንድን ያዙ። ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን በሚያሳንጽበት ዘመን እነዚህ ሰዎች በድንጋይ መጥረቢያ በጠረቡት፣ በኮኮናት ገመድ በሰፉት ታንኳ፣ ጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ የሆነ ውቅያኖስ እያቋረጡ ነበር። ታንኳው ላይ ሰው ብቻ አልነበረም። አሳማ፣ ውሻ፣ ዶሮ፣ የሙዝ ችግኝ፣ ጎደሬ፣ ቦዬና የሸንኮራ አገዳ ነበረ።

የሳሞአ መንደር ልጆች በብዛት የሚስቁበት ነው። ወጣቱ ኮኮናት ዛፍ ላይ በባዶ እግሩ ይወጣል፣ ሁለት ደረቅ እንጨት አፋትጎ እሳት ያወጣል፣ የኮኮናቱን ልጣጭ መሬት ላይ በተተከለ ሹል እንጨት ይገነጥላል፣ በድንጋይ አንዴ ብቻ መትቶ እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። ቀልዱ ብዙ ስለሆነ እውቀቱ ያልፋል፤ እኔ ልጆቼን አስቁሜ ያሳየኋቸው እውቀቱን ነው። ወንዝ የማያፈስሱ ዝቅተኛ ደሴቶች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች አንዱ የኮኮናት ዛፍ የመጠጥ ውኃው፣ ወጡ፣ ዘይቱ፣ ገመዱ፣ የጣራው ክዳን፣ ማገዶው ነው። የተፈቀፈቀው ፍሬ በራሱ የልጣጭ ቃጫ ተጠቅልሎ ሲጨመቅ የሚወርደው ነጭ ወተት በሳሞአ ከጎደሬ ቅጠል ጋር ይበስላል። ሳሞአዎች ምድጃቸውን ከመሬት በላይ ያደርጉታል። ድንጋዩ እስኪግል ይነድዳል፤ ምግቡ በጋለው ድንጋይ ላይ ይደረደርና በሰፋፊ ቅጠል ይከደናል። ሃዋዮችና ማኦሪዎች ያንኑ ምድጃ መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ያደርጉታል። 

ሳሞአዎች ደግሞ ሌላ ጉድጓድ አላቸው። ብሬድፍሩት የሚባለው፣ ከእኛ ሾላ ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሆነ ዛፍ በወቅቱ ፍሬውን ያዘንባል፤ ከወቅቱ ውጭ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ፍሬውን ልጠው፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል። የጉራጌ ወይም የሲዳማ እናት የቆጮ ጉድጓዷን በእንሰት ቅጠል ሸፍና እንደምታስቀምጠው ማለት ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ አውሎ ነፋስ ዛፉን ሲያራግፍ፣ ጎረቤት ሲጣላ፣ መንደሩ የሚኖረው በዚህ ጉድጓድ ነበር።

ቶንጋ ውስጥ ከበሮው ይጠራል፤ ልጆች ወደ መድረክ እየተሳቡ ይመታሉ፤ ወላጅ ፎቶ ያነሣል። እኔን ያስቆመኝ ግን ጥግ ላይ የተዘረጋው ቡናማና ጥቁር ንድፍ ያለው ጨርቅ ነበር። ከዛፍ ልጥ የተሠራ ነው። ዛፉ የሾላና የብሬድፍሩት ዘመድ ሲሆን የዘረመል ጥናት የፓስፊክን ዝርያ ወደ ኋላ እየቆጠረ ታይዋን ድረስ ወስዶታል። ሰዎቹ ከመነሻቸው ጀምረው ደሴት ለደሴት ቁርጥራጭ እየያዙ ተክለውታል ማለት ነው። የውስጠኛው ልጥ ይነከርና በእንጨት መዶሻ ይቀጠቀጣል፤ እጅ የማይሞላ ቁራጭ እየሳሳ ይሰፋል። ሴቶች ተሰብስበው ቁራጮቹን እያጣበቁ ብዙ ሜትር የሚረዝም አንድ አንሶላ ያደርጉታል። በቶንጋ ይህ ጨርቅ ዛሬም ሠርግ ላይ ይሰጣል፣ ለቅሶ ላይ ይነጠፋል። በሃዋይ ግን የጥጥ ጨርቅ በመርከብ ሲገባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙያው ጠፋ፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ጥቂት ሰዎች የድሮውን ጨርቅ እያዩ፣ እየሞከሩ፣ እንደገና ከዜሮ ተማሩት። ማኦሪዎች ዘንድ ደግሞ ዛፉ በብርዱ ምክንያት እንደልብ አልበቅል አላቸው። የኒው ዚላንድን ረጅም ቅጠል ተክል አገኙና ቃጫውን እየፈተሉ ካባ መሥራት ጀመሩ። አንድ ሙያ በሦስት ደሴት ሦስት ዕድል ገጠመው።

ቶንጋ በነገሥታቷም የእኛን ሰው ትስባለች። ከ1900 እስከ 1970 በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ብትቆይም ዙፋኗ አልፈረሰም፤ ዛሬም ንጉሥ አላት። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ «እንደ እኛ?» አሉ። መልሱ ሙሉ አዎ ባይሆንም ጥያቄው መንገዱን ሙሉ አነጋገረን።

ፊጂ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሕዝቧ ከቶንጋና ከሳሞአ ሕዝብ በመልክም በቋንቋም የተለየ ነው፤ መጻሕፍት ሜላኔዥያ ውስጥ ይመድቧታል። ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለች? ፓስፊክን ፖሊኔዥያ፣ ሜላኔዥያ፣ ማይክሮኔዥያ ብሎ የከፈለው ዱሞን ዱርቪል የሚባል ፈረንሳዊ መርከበኛ ነው፤ ክፍፍሉን ያሳተመው በ1832 ሲሆን የሰዎችን የቆዳ ቀለም አንዱ መለኪያ አድርጎ ነበር። የደሴቶቹ ሰዎች ግን በመስመሩ አልኖሩም። የቶንጋ መኳንንት ትልልቅ ታንኳቸውን የሚያሠሩት ጥሩ እንጨት ባለበት በፊጂ ነበር፤ ይጋባሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይዋጋሉ። ልጆችን ካርታ ስናስጠና ማን እንደሣለው አብረን ብንነግራቸው ደግ ነው።

በአኦቴያሮአ መንደር የተቀረጸው የስብሰባ ቤት ፊት ቆመው ሃካ ሲያሰሙ ትንሹ ልጄ ከኋላዬ ተደበቀ። የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ዓለም ፊት የሚያሰማውን፣ ካ ማቴ የሚባለውን ሃካ የደረሰው በ1820 ገደማ ቴ ራውፓራሃ የተባለ የጦር አለቃ ነው። በ2014 የኒው ዚላንድ ምክር ቤት የሃካው ደራሲ የንጋቲ ቶአ ነገድ አለቃ የነበረው ቴ ራውፓራሃ መሆኑ እንዲጠቀስ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሌላው ከዚህ መንደር የሚገኘው ትልቅ ነገር ስኳር ድንች ነው። የማኦሪዎች ዋነኛ ሰብል እሱ ነበር፤ ኮኮናትም ብሬድፍሩትም በዚያ ብርድ አይበቅሉም። ስኳር ድንች ግን የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው። ከኮሎምበስ በፊት እንዴት ፓስፊክ ደረሰ? በ2020 የታተመ የዘረመል ጥናት በ1200 ገደማ ፖሊኔዥያውያንና የአሜሪካ ተወላጆች ተገናኝተው እንደተዋለዱ አሳየ። ሾርባ ውስጥ የምንከተው ስኳር ድንች የዚያ ግንኙነት ምስክር ሊሆን እንደሚችል ያኔ ነው ለባለቤቴ ያወራሁላት።

የሃዋይ መንደር ላይ ቀናችን የአማቴ ሆነ። አማቴ የጅማ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ወንበር ባገኙበት ሁሉ እያረፉ፣ ጭፈራውን በትዕግሥት እያዩ ነበር። ውኃ የተኛበት ትንሽ ማሳ ጋ ስንደርስ ሰፊውን ቅጠል በእጃቸው ያዙ።

«ይኼማ ጎደሬ ነው!»

«እማማ፣ በልተሽው ታውቂያለሽ?» አለቻቸው ልጄ።

«በልቼው? ተክዬው፣ ነቅዬው፣ ቀቅዬው እንጂ! ደህና አድርጎ ካልበሰለ ጉሮሮ ይበላል፤ ንገሪያቸው።»

ልጄ ለአስተናጋጇ ተማሪ ተረጎመችላት፤ ተማሪዋም ሳቀችና የእሷም አያት ይህንኑ እንደሚሉ ነገረቻቸው። የሚበላው ጉሮሮን የሚወጋ እንደ መርፌ ያለ የካልሲየም ኦክሳሌት ብናኝ ነው፤ ረጅም ጊዜ ሲቀቀል ጉዳቱ ይጠፋል። ተክሉ ያው ተክል ነው። መነሻው እስያ ሲሆን አንዱ ጉዞ ወደ አፍሪካ፣ ሌላው ጉዞ ወደ ፓስፊክ ወስዶታል።

ክብሩ ግን ይለያያል። እኛ ዘንድ ጎደሬን የችግር ቀን ምግብ አድርጎ የሚንቅ ብዙ ነው። በሃዋይ ትውፊት ደግሞ የሰማይ አባት የዋኬያ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ሕይወት ሳይኖረው ተወለደ፤ ከቀበሩበት ቦታ ጎደሬ በቀለ። ሁለተኛው ልጅ የሰው ሁሉ አባት ሆነ። ስለዚህ ጎደሬ የሰው ታላቅ ወንድም ነው፤ ታናሽ ሊንከባከበው፣ ታላቅም ሊመግበው ግዴታ አለበት። የበሰለው ሥር በድንጋይ ተወቅጦ በውኃ ሲላላ ፖይ የሚባለው ወፍራም ምግብ ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ሲቆይ ይኮመጥጣል። ልጆቹ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። አማቴ ሁለተኛ ጊዜ ጠየቁ።

ስለ ሁላ ጭፈራ ለልጅ መንገር ከባድ ቢሆንም መቅረት የለበትም። ከመጻሕፍት በፊት የሃዋይ ታሪክ፣ የትውልድ ሐረግና ጸሎት የተያዘው በቃል ነበር፤ ሁላም ያንን ቃል በእጅና በእግር የሚያስታውስ ሥራ ነው። በ1830 ክርስትና የተቀበለችው ንግሥት ካአሁማኑ በአደባባይ እንዳይጨፈር አወጀች። ንጉሥ ካላካዋ ነው በ1883 ዘውድ ሲደፋ ሁላን መልሶ አደባባይ ያወጣው። በ1893 የንግሥት ሊሊኡኦካላኒ መንግሥት ተገለበጠ፤ በ1896 በወጣ ሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ደሴቶቹ ወደ አሜሪካ ተጠቃለሉ። ልጆች በቋንቋቸው በመናገራቸው ትምህርት ቤት ይቀጡ ነበር። ቋንቋው የግዛቱ መንግሥታዊ ቋንቋ የሆነው በ1978 ሲሆን በ1984 በዚሁ ቋንቋ ብቻ የሚያስተምሩ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በውጭ ሀገር አማርኛ ለልጁ ለማስተማር ቅዳሜና እሑድ የሚሮጥ ወላጅ ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል፤ የእኔ ነክቷል። ሃዋዮች ያደረጉት ደግሞ ግልጽ ነው። ቋንቋውን ከመማሪያ ክፍል ባሻገር ከሕፃናት ጀምረው መጫወቻና መብያ አደረጉት።

ወደ ምሽት ሉአው የሚባለው ግብዣ አለ። ጉድጓድ ውስጥ፣ በጋለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ፣ በተቀጠቀጠ የሙዝ ግንድ እንፋሎት ለሰዓታት የበሰለ ሙሉ አሳማ በሥነ ሥርዓት ይወጣል። ለኦርቶዶክስም ለሙስሊምም ቤተሰብ ይህ መታሰብ አለበት፤ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ፍራፍሬ ስለሚቀርብ ማንም ጦሙን አያድርም፤ ትኬት ሲቆረጥ ግን መጠየቅ ይሻላል። መጠጥ አይሸጥም፤ እሑድም ማዕከሉ ዝግ ነው። ምግብን በሕግ መከልከል ለሃዋዮችም እንግዳ አይደለም። በድሮው ሥርዓት ሴትና ወንድ አብረው አይበሉም ነበር፤ አሳማ፣ ኮኮናትና አብዛኛው የሙዝ ዓይነት ለሴት ክልክል ነበር። በ1819 ወጣቱ ንጉሥ ካሜሃሜሃ ዳግማዊ በሴቶች ማዕድ ተቀምጦ በላ። በዚያ አንድ ማዕድ ክልከላው ፈረሰ፤ ቤተ መቅደሶቹም ተከትለው ፈረሱ። ዛሬ ሴቱም ወንዱም፣ አያቱም ሕፃኑም በአንድ ረጅም ጠረጴዛ የሚበሉበት ግብዣ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጣ ነው።

«ይህ ሁሉ ለቱሪስት የተሠራ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። የሃዋይ ተወላጇ ምሁር ሃውናኒ ኬይ ትራስክ፣ በ2021 ያረፈችው፣ ቱሪዝም የሕዝቧን ባህል ለገበያ አውጥቶ አዋርዷል ብላ ዕድሜ ልኳን ተከራክራለች። ክርክሯን አክብሬ እቀበላለሁ። መሬቱ ከሃዋዮች እጅ በወጣበት፣ የቤት ዋጋ የሀገሬውን ሰው ወደ ዋናው አሜሪካ በሚገፋበት ደሴት የፈገግታ ጭፈራ ብቻ ማየት እውነቱን ይሸፍናል። ላስ ቬጋስ ብዙ የሃዋይ ሰው ከመስፈሩ የተነሣ «ዘጠነኛዋ ደሴት» ትባላለች፤ እዚያ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ስለሆኑ ስደተኛው ሃዋያዊ የሥራ ባልደረባቸው ወይም ጎረቤታቸው ነው። ይህን ከጉዞ በፊት ከእሱ መስማት ከማንኛውም የጉዞ መጽሐፍ ይበልጣል።

ቢሆንም ትርኢት መሆኑ ውሸት አያደርገውም። በምሽቱ ትርኢት ላይ ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ የሚያየውን የሳሞአን የእሳት ቢላዋ ጭፈራ እንውሰድ። ቢላዋውን ማሽከርከር የጥንት የጦረኛ ልማድ ነው። እሳቱን የጨመረበት ግን ፍሬዲ ሌቱሊ የተባለ ሳሞአዊ፣ በ1946፣ በሳን ፍራንሲስኮ ነው። ዛሬ የሳሞአ ወጣት ሁሉ የራሱ አድርጎታል፤ በየዓመቱ እዚሁ ላኢዬ ከየደሴቱ መጥተው የዓለም ሻምፒዮና ይወዳደሩበታል። ከሳሞአ የወጣ ሰው በሰው ሀገር የፈጠረውን ነገር ሳሞአ ከተቀበለችው የሳሞአ ነው። ይህ ሕዝብ ጨርቁን ከልጥ ወደ ቃጫ፣ ምድጃውንም በየደሴቱ እየለወጠ የኖረ ነው። ትርኢቱን መለካት ያለብን ማን ይሠራዋል፣ ገቢው ማን ጋ ይደርሳል፣ ባለሙያው የሚያሳየውን ያውቀዋል ወይ ብለን ነው። ላኢዬ ላይ ተማሪው ዲግሪ ይዞ ይወጣል፤ ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። እሱም ታንኳው ነው። በማዕከሉ ውስጥ ኢዮሴፓ የምትባል ባለ ሁለት ቀፎ ትልቅ ታንኳ አለች። በ2001 ከእንጨት ተሠርታ ባሕር ላይ የወረደች ናት። ልጆቼን እሷ ሥር አስቀምጬ የነገርኳቸው ይህን ነው።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ የአውሮፓ ምሁራን እነዚህ ሰዎች አስበው ተጉዘዋል ብለው አላመኑም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1947 ከፔሩ በታንኳ ሳይሆን በታሰረ ግንድ ተንሳፍፎ በመምጣት በደሴቶቹ የሰፈሩት ሰዎች ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው ለማለት ሞከረ። ኒው ዚላንዳዊው አንድሩ ሻርፕ በ1956 በጻፈው መጽሐፍ ሩቆቹን ደሴቶች ያገኟቸው ነፋስ ወስዷቸው በአጋጣሚ ነው አለ። ሃዋዮች መልሳቸውን በእንጨትና በገመድ ሰጡ። በ1973 የፖሊኔዥያ የባሕር ጉዞ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1975 ሆኩሌአ የምትባል ታንኳ ባሕር ላይ ወረደች። ችግሩ አሳሽ አለመኖሩ ነበር። በሃዋይ ያለ ኮምፓስ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ከጠፋ ምዕተ ዓመታት አልፈዋል። ከማይክሮኔዥያ ሳታዋል ከምትባል ትንሽ ደሴት ማው ፒያይሉግ መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከአያቱ የተማረ ነበር። በ1976 ሆኩሌአን ያለ ኮምፓስ፣ ያለ ካርታ፣ ያለ ሰዓት አንድ ወር ገደማ ነድቶ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ታሂቲ አደረሳት። ፓፔቴ ወደብ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው።

እንዴት አደረገው? ኮከብ ከአድማስ የምትወጣበት ነጥብ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። አሳሹ የብዙ ኮከቦችን መውጫና መግቢያ በቃሉ ይይዛል፤ አንዷ ከፍ ስትል ቀጣዩዋን ይከተላል። ደመና ሲሸፍን ሞገዱ አለ። የሩቅ ነፋስ የፈጠረው ትልቅ ሞገድ ለቀናት በአንድ አቅጣጫ ይጓዛል፤ ታንኳው ሆድ ውስጥ የተኛ ሰው አቅጣጫውን በጎኑ ያውቀዋል። መድረሱን የሚያውቀው ደግሞ በአናት ላይ በምታልፍ ኮከብ ነው። አርክቱረስ፣ ታንኳዋ በስሟ የተጠራችው፣ በሃዋይ አናት ላይ ታልፋለች፤ ሲሪየስ በታሂቲ። አዲስ አበባ ሆኖ ሲሪየስን የሚያይ ሰው ከአናቱ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ያገኛታል፤ ያው ዘንበል ማለቷ አዲስ አበባ ከታሂቲ ምን ያህል ወደ ሰሜን እንደራቀች ይነግረዋል። በመጨረሻ ወፎች አሉ። ጠዋት ወደ ባሕር ወጥተው ማታ ወደ ጎጇቸው የሚመለሱት ነጫጭ ወፎች የማትታየዋ ደሴት ያለችበትን ወገን ያሳያሉ።

መንገዱ ያለ ሐዘን አልነበረም። በ1978 ሆኩሌአ በማዕበል ተገለበጠች፤ ኤዲ አይካው የተባለው ስመ ጥር የሰርፍ ተጫዋች እርዳታ ሊያመጣ በሰርፍ ሰሌዳው ወጣ፤ አልተመለሰም። ባልደረቦቹ ግን አልተዉም። ናይኖአ ቶምሰን የተባለ ወጣት ከማው ጋር ተቀምጦ ተማረና በ1980 ያለ መሣሪያ ታሂቲ ደርሶ የተመለሰ የመጀመሪያው የዘመኑ ሃዋያዊ ሆነ። ከ2014 እስከ 2017 ደግሞ ሆኩሌአ ዓለምን ዞረች።

ልጆች ይህን ካወቁ በኋላ ምሽቱ ላይ ሃ የሚባለውን ትርኢት ማየት ሌላ ነገር ይሆናል። በ2009 የተጀመረ ሲሆን ማና የሚባል ልጅ ከመወለዱ እስከ አባት መሆኑ ድረስ ያለውን ሕይወት በየደሴቱ ጭፈራ ይተርካል። ረጅም ስለሆነ ሕፃን ለያዘ ሰው ከኋላ ወንበር መያዝ ይቀላል።

ሌላ ቀን ያለው ቤተሰብ በማግሥቱ ሆኖሉሉ የሚገኘውን ቢሾፕ ሙዚየም ቢያይ እመክራለሁ። በ1889 የተመሠረተ ሲሆን ላኢዬ ላይ የቅርብ ጊዜ ሥራ ሆነው የታዩት ነገሮች ጥንታዊዎቹ እዚያ አሉ፦ የነገሥታት የላባ ካባ፣ የድንጋይ መውቀጫ፣ ጥጥ ከመግባቱ በፊት የተቀጠቀጠ የልጥ ጨርቅ። ልጆቹን ግን መጀመሪያ ወደ ፕላኔታሪየሙ ውሰዷቸው። ናይኖአ ቶምሰን ከ1980ው ጉዞ በፊት፣ የኮከቦችን መውጫና መግቢያ ለማጥናት፣ የታሂቲን ሰማይ ጣራው ላይ እያስበራ ደጋግሞ የተቀመጠው እዚያ ነው።